ዝናቡ ካቆመ በኋላ የሚመጣው አደጋ፦ የመጠጥ ውሃ በወቅት ሲለወጥ ንግዳችን ምን ያጣል?

አምና በኅዳር ወር አንድ ማለዳ፣ ሐርጌሳ መሐመድ ሞጌ ባለው ቤቴ ቁርስ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ከሐርሺን ገበያ በግ እየገዛ ወደ ሐርጌሳ የሚያመጣ የቆየ ወዳጄ ነው። «ዶክተር፣ አሥራ አንድ በግ በአንድ ሌሊት አለቀብኝ» አለኝ። ከዋዜማው በፊት ደህና ነበሩ። ቀኑን በፀሐይ ሲነዱ ውለው አመሻሽ ላይ ከአንድ ባሊ ጠጥተዋል። ሲነጋ ከውሃው ብዙም ሳይርቁ ወድቀው ተገኙ።

«ውሃው ምን ይመስል ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «አረንጓዴ ነገር ነበረበት። ግን ብዙ ውሃ ነው እኮ! ዝናቡ ገና ማቆሙ ነው» አለኝ።

እረኞቹ «በሽታ ገብቶብናል» ብለው ሬሳዎቹን ፀሐይ ሳይሞቅ ቀበሩ። ወሬው ከመንጋው ቀድሞ ገበያ ደረሰ፤ ለመግዛት ቃል የሰጠው ሰው ቃሉን አጠፈ፤ ወዳጄም የቀሩትን በጎች በወደቀ ዋጋ ለቀቃቸው። ናሙና ስላልተወሰደ፣ በሽታ ነው ውሃ ነው የሚለው ክርክር ዛሬም ድረስ አልተዘጋም።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ «ብዙ ውሃ ነው እኮ» የሚለው ቃሉ ነው። አብዛኞቻችን ውሃን የምንፈራው ሲያንስ ነው። የሐይቅና የኩሬ ውሃ ግን የራሱ የወቅት ዑደት አለው። በዚያ ዑደት ውስጥ አንዱ አደገኛ ጊዜ ዝናቡ አቁሞ ውሃው ሞልቶና ረግቶ ሲያምር የሚመጣ ነው። ዑደቱን ያወቀ ነጋዴ መንጋውን የት፣ መቼና እንዴት እንደሚያጠጣ አስቀድሞ መወሰን ይችላል።

ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ምንድን ነው?

በማንኛውም ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ እየተንሳፈፉ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕይወታውያን አሉ። እንደ ሣርና እንደ ዛፍ የፀሐይ ብርሃንን ተጠቅመው ምግባቸውን ያዘጋጃሉ። በጥቅሉ ፋይቶፕላንክተን ይባላሉ፤ ብዙዎቻችን ዋቅላሚ ወይም አልጌ የምንላቸው ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በመጠኑ ሲሆኑ ጥቅማቸው ብዙ ነው፤ የዓሣው ሁሉ መነሻ ምግብ እነሱ ናቸው።

እንዲበዙ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። የመጀመሪያው ንጥረ ምግብ ነው፤ በተለይ ፎስፈረስና ናይትሮጅን። ይህ ከእርሻ ማዳበሪያ፣ ከታጠበ አፈር፣ ከከተማ ፍሳሽና ከእንስሳት እበትና ሽንት ይመጣል። ሁለተኛው ብርሃን ነው። ሦስተኛው ሙቀትና እርጋታ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዋቅላሚው አይበዛም። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን ውሃው በቀናት ውስጥ መልኩን ይለውጣል።

ከእነዚህ ሕይወታውያን መካከል ለእኛ ሥጋት የሆነው ሳያኖባክቴሪያ የሚባለው ወገን ነው። ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌም ይሉታል። ሦስት ጠባዮቹን ማወቅ ይበቃል። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ዓይነቶች በውስጣቸው አየር የሚይዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሏቸው ነፋስ በሌለበት ሰዓት ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ። ሁለተኛ፣ አንዳንዶቹ ናይትሮጅንን ከአየር መውሰድ ስለሚችሉ ፎስፈረስ ብቻ ካገኙ ይበቃቸዋል። ሦስተኛ፣ አንዳንዶቹ መርዝ ያመርታሉ። ማይክሮሲስቲን የሚባለው መርዝ ጉበትን ያጠቃል። አናቶክሲን የሚባለው ደግሞ ነርቭን ይይዛል፤ እንስሳውንም በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጆርጅ ፍራንሲስ የተባለ ሰው በደቡብ አውስትራሊያ አሌክሳንድሪና ሐይቅ በጎች፣ ፈረሶችና ከብቶች አረንጓዴ ሽፋን ያለበትን ውሃ ጠጥተው በሰዓታት ውስጥ መሞታቸውን ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያሳወቀው በ1878 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለእኛ ቀረብ ያለው የቦትስዋና ታሪክ ነው። በ2020 በኦካቫንጎ አካባቢ ከ330 በላይ ዝሆኖች ሞቱ። ብዙዎቹ ሬሳዎች የተገኙት ዝናብ ባቆረው ውሃ አጠገብ ነበር። በመስከረም ወር የአገሪቱ መንግሥት ምክንያቱ ከሳያኖባክቴሪያ የሚመነጭ የነርቭ መርዝ መሆኑን አስታወቀ። የሞቱት በብዛት የወደቁት ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት መሆኑን ልብ በሉ።

የጣና አንድ ዓመት

ዑደቱን በግልጽ ለማየት ጣናን የመሰለ ምሳሌ የለም። ጣና ሰፊ ነው፤ ስፋቱ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን ጥልቀት የለውም፤ በአማካይ ስምንት ሜትር ገደማ ነው። በምሥራቅ ዳርቻው ያለው የፎገራ ሜዳ በከብቱ የታወቀ ነው። ከሰሜን ጎንደር ወደ መተማና ወደ ሱዳን ከብት የሚነዳ ነጋዴም የዚህን አካባቢ ውሃ ያውቀዋል።

በሐይቁ ላይ በሠሩት ጥናት አያሌው ወንዴና ባልደረቦቹ የጣናን ዓመት በአራት ከፍለው አሳይተዋል። ጥናቱ በ2007 ታትሟል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም ዋናው ክረምት ነው። ወንዞቹ ከእርሻው አፈሩን፣ ማዳበሪያውንና እበቱን አጥበው ያስገባሉ። ንጥረ ምግቡ በብዛት የሚገባው ያኔ ነው። ነገር ግን ውሃው በደለል ስለሚደፈርስ ብርሃን ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ዋቅላሚው ምግብ ቀርቦለት በጨለማ እንደተቀመጠ ሰው ነው፤ መብላት አይችልም።

በጥቅምትና በኅዳር ዝናቡ ያቆማል። ደለሉ ይረጋል፤ ሰማዩ ይጠራል፤ ብርሃን ይገባል። ክረምቱ ያስገባው ንጥረ ምግብ ደግሞ ገና አላለቀም። የሐይቁ የዓመቱ ከፍተኛ ምርት የሚለካው በእነዚህ ሁለት ወራት ነው። ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳያኖባክቴሪያ የሚያብበውም ያኔ ነው። ማይክሮሲስቲን የሚባለው መርዝ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ በጋው ሲገፋ ንጥረ ምግቡ እየተበላ ምርቱ ይወርዳል። በግንቦትና በሰኔ ሰማዩ ደመና ይቋጥራል፤ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ይወርዳሉ፤ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል።

ትምህርቱ አንድ ነው፦ ዝናቡ ምግቡን ያመጣል፣ የዝናቡ መቆም ብርሃኑን ያመጣል፤ አደጋው ያለው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

ንጥረ ምግቡ የማያልቅበት ውሃ

አንዳንድ ውሃ ግን ወቅት ጠብቆ አያርፍም። ቆቃ የዚህ ምሳሌ ነው። ግድቡ በአዋሽ ወንዝ ላይ ተሠርቶ ሥራ የጀመረው በ1960 ነው። አዋሽ የአዲስ አበባን ፍሳሽ፣ የሞጆ ወንዝ ደግሞ የሞጆን የቆዳ ፋብሪካዎች ዝቃጭ ይዞ ይገባበታል። በዙሪያው የአትክልት እርሻ አለ። ስለዚህ ንጥረ ምግቡ ዓመቱን ሙሉ ስለሚሞላለት ማይክሮሲስቲስ በተደጋጋሚ ያብብበታል፤ መርዙም በጥናት ተለክቶ ተገኝቷል። በ2009 አልጀዚራ ስለ ሐይቁና ከእሱ ስለሚጠጡት ሰዎች ዘገባ ሠርቶ ዓለም አይቶታል። ሞጆ የኤክስፖርት ቄራዎች ያሉባት ከተማ ናት። በዚያ መስመር ከብት የሚያመጣ ወይም የሚያደልብ ሰው ውሃው ከየት እንደሚቀዳ መጠየቅ አለበት።

በሌላ በኩል አረንጓዴ ሁሉ መርዝ አይደለም። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው የአራንጓዴ ሐይቅና ከሻላ ሐይቅ አጠገብ ያለው ጭቱ አረንጓዴ መልካቸውን ያገኙት በአብዛኛው ስፒሩሊና ከሚባለው ወገን ነው። ይህ ወገን የፍላሚንጎ ምግብ ነው፤ በሌላ አገር ሰውም እያደረቀ ይበላዋል። የእነዚህ ሐይቆች ችግር ሌላ ነው፤ ውሃቸው ጨዋማና መራራ ስለሆነ ለመጠጥ አይመችም። ስለዚህ ቀለሙ ራሱ ፍርድ አይሰጥም። ቆም ብሎ የመመርመር ጥሪ ግን ነው።

በእኛ በኩል፦ ቢርካና ባሊ

«ሐይቅ በሌለበት በሐውድ የጣና ወሬ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ፣ ባሊ ትንሽ ሐይቅ ነው፤ ቢርካም ግድግዳ ያለው ትንሽ ሐይቅ ነው። ሕጉ አንድ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ውሃ ቶሎ መለወጡ ነው።

ቢርካ በሐውድ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ሲሆን የጎርፍ ውሃ ይቀበላል። ጎርፉ የሚመጣው መንጋ ሲሰማራበት ከከረመ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጎርፍ የበጋውን እበት ሁሉ ጠርጎ ይዞ ይገባል። ባሊ ደግሞ ግድግዳ የለውም። እንስሳት ገብተው ይጠጣሉ፤ ቆመው ይሸናሉ፤ እበት ይጥላሉ። ማዳበሪያውን ራሳችን እናስገባለታለን ማለት ነው።

የሶማሌን የወቅት አቆጣጠር ይዘን እንከተለው።

በጉ፣ ማለትም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ፣ ውሃው ይሞላል፤ ይደፈርሳልም። በዚህ ጊዜ የሚያሠጋው ዋቅላሚው ሳይሆን ጎርፉ ያመጣው ቆሻሻና ተቅማጥ ነው። ዝናቡ ሲያቆም ጭቃው ይረጋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ውሃው አረንጓዴ መሆን ይጀምራል። የመጀመሪያው የአደጋ መስኮት ይህ ነው።

በምዕራቡ ደጋማ ክፍል፣ በቦረማና በገቢሌ በኩል፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከረን የሚባለው ዝናብ አለ። በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ደይር ይመጣል። እያንዳንዱ ዝናብ ሲያቆም ያው መስኮት እንደገና ይከፈታል። የወዳጄ በጎች የሞቱት በዚህ መስኮት ውስጥ ነበር።

ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ጂላል ነው። በጂላል መጨረሻ ሁለተኛው መስኮት ይከፈታል፤ ምክንያቱ ግን የተለየ ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ቢርካ ውስጥ ሁለት ሜትር ውሃ ነበር እንበል። አንዱ ሜትር በፀሐይ ቢተን በውስጡ የነበረው ጨውና ንጥረ ምግብ አይተንም። በቀረው ውሃ ውስጥ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ባሊ ላይ ደግሞ ዳርቻው ስለሚሸሽ መንጋው ሁሉ በአንዲት ጭቃማ ኩሬ ላይ ይከማቻል፤ እበቱም አብሮ ይከማቻል። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው እስከ ታች ይሞቃል፤ ብርሃኑም እስከ ታች ይደርሳል።

እዚህ ላይ የአባቶችን ብልሃት ማንሳት ይገባል። ቢርካውን በእሾህ ቅርንጫፍ የሚሸፍኑ ባለቤቶች አሉ። የሚሸፍኑት ውሃው እንዳይተን ብለው ነው። ሽፋኑ ግን ብርሃንንም ይከለክላል፤ ብርሃን ከሌለ ዋቅላሚ አይበዛም። ክዳን ያለው ቢርካ በሁለት በኩል ይጠብቃችኋል።

ለምን የነጋዴ መንጋ ይበልጥ ይጠቃል?

የአካባቢው ሰው መንጋ ከዚያው ኩሬ ጠጥቶ ሳይሞት የእኛ ሊሞት ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ «ሰው መርዞብን ነው» ወደሚል ክስ ያመራል፤ በጎሳዎች መካከልም ጠብ ያነሣል። ከመክሰስ በፊት ሦስት ነገሮችን መመልከት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ጥማት ነው። ሲነዳ የዋለ በግ የሚጠጣው በአንድ ጊዜ ነው። የተጠማ ግመል በጥቂት ደቂቃ መቶ ሊትር ሊጠጣ ይችላል። የመርዙ መጠን የሚወሰነው በጠጣው ልክ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጠጣ የመንደር በግና ሁለት ቀን ተጠምቶ የደረሰ በግ እኩል አይደሉም።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ተንሳፋፊው ሽፋን ነፋሱ ወደሚነፍስበት ዳርቻ ይገፋል። በዚያ ዳርቻ ያለው ክምችት ከመካከሉ ውሃ በመቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። የአገሬው እረኛ በልምድ የትኛው ዳርቻ ንጹሕ እንደሆነ ያውቃል። እንግዳው ነጂ ግን ለመንገድ በቀረበው በኩል ያስገባል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ሌሊት ነፋስ ሲተኛ ዋቅላሚው ወደ ላይ ይወጣል። ማለዳ ላይ ሽፋኑ ወፍሮ የሚታየው ለዚህ ነው። «ሳይሞቅ እናጠጣና እንሂድ» የሚለው ልማድ በአረንጓዴ ውሃ ላይ ጥሩ ምክር አይደለም።

በሽታ ነው ወይስ ውሃ?

የጉበት መርዝ የጠጣ እንስሳ ይደክማል፤ ይንገዳገዳል፤ መብላት ያቆማል፤ ድዱና የዓይኑ ቆብ ይነጣል፤ ሊያስቀምጠውም ይችላል። ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይሞታል። የተረፈው ከቀናት በኋላ ፀሐይ ሲነካው ቆዳው በተለይ ነጭ በሆነው ቦታ ሊቆስል ይችላል። የነርቭ መርዝ የጠጣው ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ ይወራጫል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከውሃው ሳይርቅ ይወድቃል። አፍንጫው፣ አፉና እግሩ ላይ አረንጓዴ ቅሪት ከታየ ጠቃሚ ምልክት ነው።

ነገር ግን ድንገተኛ ሞት ሁሉ ውሃ አይደለም። አባ ሰንጋም በድንገት ይገድላል። ከአፍንጫ፣ ከአፍ ወይም ከፊንጢጣ የማይረጋ ደም ከፈሰሰ ሬሳውን ፈጽሞ አትክፈቱ፤ አትግፈፉ፤ ሐኪም ጥሩ። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትም ከከባድ ዝናብ በኋላ ትንኝ ሲበዛ ስለሚነሣ ወቅቱ ከዋቅላሚው ጋር ይገጥማል። እሱ ግን ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳየው እርጉዞች በጅምላ ሲጨነግፉና ግልገሎች ሲያልቁ ነው፤ በሰውም ላይ ይጋባል። ፒፒአር ደግሞ ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል ይዞ በቀናት ውስጥ ይዛመታል።

ልዩነቱ ለእኛ የገበያ ጉዳይ ነው። በየካቲት 1998 ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሥጋት ከዚህ ቀጣና የሚሄዱ የቁም እንስሳትን አገደች። ያ እገዳ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ በመስከረም 2000 ሁለተኛው መጣ፤ የተነሣው በ2009 መጨረሻ ነው። በእነዚያ ዓመታት በርበራ ወደብ ላይ የነበረውን ጭር ያለ ሁኔታ ያየ ሰው ወሬ ብቻውን ምን ማድረግ እንደሚችል አይዘነጋም። የዋቅላሚ መርዝ ከእንስሳ ወደ እንስሳ አይተላለፍም። ከውሃው የራቀ መንጋ ከዚያ ወዲያ አዲስ አይታመምበትም። ይህን ማስረዳት የሚችል ነጋዴ ገበያውን ይጠብቃል። ማስረዳት የሚቻለው ግን በናሙና ብቻ ነው። «ውሃ ነው» እያሉ በሽታን መደበቅ ደግሞ ከወሬው የከፋ ጥፋት ነው፤ አንድ ሰው የደበቀው በሽታ የሁላችንንም ወደብ ይዘጋል።

ስለዚህ እንስሳት በድንገት ሲሞቱ ቀሪውን መንጋ ከውሃው አርቁና ጥላ ውስጥ አሳርፉ። ከጠጡበት ዳርቻ ውሃውን በንጹሕ ጠርሙስ ቀድታችሁ ከብርሃን ሸፍናችሁ በቅዝቃዜ አስቀምጡ። የቦታውን ስምና ሰዓቱን ጻፉበት። ሬሳውን ሐኪም ሳያየው አትክፈቱ፤ ሥጋውንም ማንም፣ ውሻም ቢሆን፣ አይብላው። በኢትዮጵያ በኩል የክልል ላቦራቶሪዎች ናሙና ይቀበላሉ፤ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም አለ። በሶማሌላንድ በኩል ሼክ ከተማ ካለው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የወጡ ባለሙያዎችን በየከተማው ታገኛላችሁ። ቶሎ የደረሰ ሐኪም መርዙን ከሆድ የሚይዝ ከሰል ሊሰጥ ይችላል። ትክክለኛ መድኃኒት ግን የለውም፤ ዋናው ሕክምና መከላከል ነው።

የሐጅ ገበያ ወደ ጂላል እየገባ ነው

ይህን ጉዳይ ዘንድሮ ለማንሣት ሌላም ምክንያት አለኝ። የሐጅ ወቅት በየዓመቱ በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል። ዒድ አል አድሓ በ2025 በሰኔ መጀመሪያ ነበር። በ2028 በግንቦት መጀመሪያ ገደማ፣ በ2030 ደግሞ በሚያዝያ አጋማሽ ገደማ ይሆናል (ወሮቹም በአውሮፓ አቆጣጠር)።

ለሐጅ የሚሄደው በግና ፍየል ከዒዱ ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብሎ ይገዛል፤ ይነዳል፤ በርበራ ማቆያ ውስጥ ይገባል። ዒዱ በሰኔ ሲሆን ግዢው በከፊል የጉ ዝናብ ከጀመረ በኋላ ይውላል። ዒዱ ወደ ሚያዝያ ሲመጣ ግን ግዢውና ጉዞው በሙሉ ጂላል ውስጥ ይወድቃል። ማለትም የዓመቱ ትልቁ የእንስሳት ጉዞ ኩሬዎች በሚያንሱበትና ንጥረ ምግባቸው በሚወፍርበት ጊዜ ይሆናል። ባለፉት ዓመታት «ምንም አልሆንንም» ያለ ነጋዴ የጠበቀው የቀን አቆጣጠሩ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥሉት ዓመታት የጉዞ ዕቅድ የውሃ ዕቅድም መያዝ አለበት።

በመንገድ ላይ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ በዓይን። ውሃው ላይ የፈሰሰ ቀለም የመሰለ ሽፋን፣ ዳርቻው ላይ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቅርፊት፣ የሞተ ወፍ ወይም እንቁራሪት ካያችሁ አታጠጡ።

ቀጥሎ በዱላ። አረንጓዴውን በዱላ አንሡት። እንደ ፀጉር ተንጠልጥሎ ከወጣ ብዙ ጊዜ ተራ ዋቅላሚ ነው። ዱላውን ቀለም እንደነካ ቀብቶት ከወጣ ሳያኖባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። በባዶ እጅ አትንኩት።

ጊዜ ካለ በጠርሙስ። ግልጽ ጠርሙስ ሦስት አራተኛውን ሙሉና ሳትነቀንቁት አሳድሩት። አረንጓዴው ከታች ከዘቀጠ ሥጋቱ ይቀንሳል። ከላይ ቀለበት ሠርቶ ከተንሳፈፈ ሌላ ውሃ ፈልጉ። ይህ መርዙን አይለካም፤ ግን ከግምት ይሻላል። ቀድሞ የሚሄድ መልእክተኛ ካላችሁ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሊሠራው ይችላል።

ውሃው አጠራጣሪ ሆኖ አማራጭ ከሌለ መንጋው ገብቶ አይጠጣ። ነፋሱ ከሚመጣበት ዳርቻ፣ ከላይኛው ሽፋን በታች ቀድታችሁ በገንዳ አጠጡ። ከዚያ በፊት ካለው ንጹሕ ውሃ ጥቂት ጥቂት በመስጠት ጥማቱን አብርዱት። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ሁለት ስህተቶችን ተጠንቀቁ። ማፍላት ማይክሮሲስቲንን አያጠፋም፤ ለነጂዎቻችሁም ሻይ ከዚህ ውሃ አይፈላ። አረንጓዴ የሆነን ቢርካ በኬሚካል ገድሎ ወዲያው ማጠጣትም አደገኛ ነው። ዋቅላሚው ሲሞት በውስጡ የያዘው መርዝ በአንድ ጊዜ ወደ ውሃው ይለቀቃል።

ሒሳቡ

በመጨረሻ በሙያዬ ልናገር። የሚከተሉት ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ በራሳችሁ ዋጋ ተኩና አስሉት።

ሁለት መቶ በግ በሰማንያ ዶላር ገዛችሁ እንበል፤ ካፒታላችሁ 16,000 ዶላር ነው። ለአንድ ቀን ለእያንዳንዱ አምስት ሊትር ንጹሕ ውሃ በቦቴ ወይም ክዳን ካለው ቢርካ ብትገዙ 1,000 ሊትር ይሆናል። ዋጋው 15 ዶላር ቢሆን በአንድ በግ ሰባት ሳንቲም ተኩል ይደርሳል።

በመጥፎ ውሃ አሥር በግ ቢሞት 800 ዶላር ጠፋ። በዚህ ብቻ ስናሰላ፣ ከሃምሳ ሦስት ጉዞ አንዱ ላይ እንዲህ ያለ አደጋ የሚደርስ ከሆነ የውሃው ወጪ ራሱን ይከፍላል። ግን ወዳጄ ያጣው የሞቱትን ብቻ አልነበረም። በወሬው ምክንያት የቀሩት 190 በጎች ዋጋ በአሥር በመቶ ቢወርድ 1,520 ዶላር ይሆናል። የወሬው ኪሳራ ከሞቱ በእጥፍ ሊጠጋ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 2,320 ዶላር ነው። ስለዚህ አደጋው ከ154 ጉዞ አንዴ ብቻ ቢደርስም እንኳ ንጹሕ ውሃ መግዛቱ አያከስርም።

ከዚህ የሚከተሉ ሁለት ልማዶችን ብንጀምር ጥሩ ነው። አንደኛው የውሃ መዝገብ ነው። ነጂው በየት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ውሃ እንዳጠጣ በትንሽ ደብተር ይጻፍ። እንስሳው ከርክክብ በኋላ ቢሞት በሻጭ፣ በደላላና በገዢ መካከል የሚነሣውን ክርክር ይህ ደብተር ያቀልለዋል፤ ለሐኪሙም የመጀመሪያው ማስረጃ እሱ ነው። ሁለተኛው ለቢርካ ባለቤቶች የምንከፍለው ዋጋ ነው። ክዳን ላለው፣ አጥር ላለውና በገንዳ ለሚያጠጣ ቢርካ ጥቂት ጨምረን ብንከፍል ባለቤቶቹ ቢርካቸውን የሚሸፍኑበት ምክንያት ያገኛሉ። ያለ ልዩነት ከከፈልን ግን ክፍቱ ቢርካ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ወዳጄ ዘንድሮም ከሐርሺን ይገዛል። ባለፈው ሲደውልልኝ መልእክተኛው ቀድሞ ጠርሙስ ይዞ እንደሚሄድ ነገረኝ። ደይር አቁሞ ባሊዎቹ ሞልተው ነበር፤ እሱ ግን ከአንዱ ባሊ አልፎ ሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ክዳን ካለው ቢርካ በገንዘብ አጠጣ። «ነጂዎቹ በነጻው ውሃ ስናልፍ አጉረመረሙ» አለኝ። ዝናቡ እናንተ ባላችሁበት ካቆመ ስንተኛ ሳምንቱ ነው? ከመነሣታችሁ በፊት መጀመሪያ ያንን ቁጠሩ።